በግራ በኩል ያለው ማዞሪያ

አሰበ ተፈሪ፣ ሰኔ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለጀምበሩ፣ ለግራኙ፣ ሻይ ጠጥቶ ስኳሩን ብርጭቆው ሥር ትቶ ለሚነሳው፤

እንዴት ከርመሃል? ይህን ስጠይቅህ ሰባተኛዬ ነው። በስድስቱ ደብዳቤ በትሕትና ጠይቄ መልስ ስላጣሁ፣ በዚህኛው ልሰድብህ አስቤ ነበር። ግን ደብዳቤው ግንባር፣ አንተ ጋ፣ ሳይደርስ የሚከፍተው ጓድ የተሰደበው እሱ እንዳይመስለው ብዬ ተውኩት። ለጓድም ጤና ይስጥልኝ። አንብበው ሲጨርሱ እባክዎ በደንብ ያሽጉት፤ የልጁ ድንኳን ዝናብ ያስገባ ይሆናል።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ዓይኔ ደህና ነው፤ ጆሮዬም ደህና ነው። ስለ ጆሮዬ ጎረቤታችን ሞሚና የምታወራውን አትስማ።

የመጨረሻው ደብዳቤህ የደረሰኝ በ78 ጥቅምት ላይ ነው። እንደ ልማድህ በግራ እጅህ እየጻፍክ ገና ያልደረቀውን ቀለም በመዳፍህ ጠርገኸው፣ ገጹ ሁሉ የዳመነ ሰማይ መስሎ ነበር። «ደህና ነኝ» ያልክበትን ቦታ ፈልጌ ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። ቆጠርክ እንዳትለኝ፤ የሚቆጥሩት ሌሎች ናቸው።

ከሚቆጥሩት አንዷ እናትህ ናት። ሳህሊቱ ባለፈው ሳምንት ከመቻራ በቡና መኪና ተጭና መጣች። ጥቁር ነጠላ ገዝታለች። ገና አልለበሰችውም፤ በጨርቅ ጠቅልላ በእጇ ይዛዋለች። ውሃ እንኳ ሳትቀምስ፣ «አባዬ፣ ለሐምሌ አቦ የልጄን እርም ላውጣ» አለችኝ። ሞቷል ብላ ድንኳን ልትጥልልህ፣ ልታለቅስልህ፣ ቁርጧን ልታውቅ ነው። ጎረቤቶቻችን እነ በለጠም ባለፈው ወር የልጃቸውን እርም አውጥተዋል። ወረቀት መጥቶላቸው አይደለም፤ ዝምታ ብቻ ነው የመጣላቸው።

«እኔ የሰነፈ እንጂ የሞተ ልጅ የለኝም» አልኳት።

አልሳቀችም። ድሮ ቀልዴ ያስቃት ነበር።

ከእሷ ጋር የደረስንበትን ከመንገሬ በፊት ግን ስለ ሥራዬ ልንገርህ። ነገሩ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው፣ ደግሞም ካልነገርኩህ ያንቀኛል።

አብዱልቃዲርን ታስታውሰዋለህ፣ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ያለውን። በመጋቢት አንድ ቀን በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ሱቄ ገባና በሩን ዘጋው።

«አባባ አጥናፉ፣ ይህን ነገር ነፍስ ይዝሩበት።»

«ምንድን ነው?»

«ጨዋታ ነው። ከቴሌቪዥን ጋር ሲገናኝ ኳስ ያጫውታል።»

ከየት መጣ ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ ጓድ እያነበበ ነው። ሚኤሶ ሊደርስ ሲል ከሰማይ ወደቀ። ሰማዩ መስኮት ነበረው፣ በሐዲድ ላይም ይሄድ ነበር። ፊናንሶች ለፍተሻ በኋለኛው ፉርጎ ሲገቡ ዕቃው ከፊተኛው ፉርጎ ዘነበ። አብዱልቃዲር በማግሥቱ ማሽላ ለማሽላ ሲፈልግ ውሎ ሣጥኑን አገኘው። በእጅ የሚያዙት ሁለቱ ማዞሪያዎች ግን ሽቦአቸው ተበጥሶ ጠፍተዋል። አንዱን ፍየል በልታው ይሆናል፤ ያቺ ፍየል ዛሬ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው የምትሄደው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ በግራ አንድ ነጭ መስመር፣ በቀኝ አንድ ነጭ መስመር አለ። በመሃል የሽምብራ ቅንጣት የምታህል ኳስ ትመላለሳለች። ማዞሪያህን ስታዞር መስመርህ ይወጣል ይወርዳል፤ ኳሷን ከመለስካት ወደ ባላጋራህ ትሄዳለች፣ ካመለጠችህ ይቆጠርብሃል። አሥራ አምስት የሞላ አሸነፈ። በቃ። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ የተወደደ ነገር አላየሁም። እዚህ ተራራው ሥር ሥርጭት ስለማይገባ ቴሌቪዥን ማለት እንደፈላ ድስት የሚንተከተክ ሣጥን ነበር፤ አሁን ሥራ አገኘ።

ቁመቱ እንደ ሰው የሆነ ሣጥን በኮምፔንሳቶ ሠራሁ። ቴሌቪዥኑ በደረት ልክ ገባ። ከሥሩ ማዞሪያዎቹ የሚቀመጡበት ዘንበል ያለ ገበታ አወጣሁ። ዋናው ነገር ገበታው ነው፤ ሰው የሚነካው እሱን ነውና። ከአሮጌ የልብስ ሣጥን ክዳን ላሜራ ቆርጬ ከፊቱ የዝግባ እንጨት አደረግሁበት፣ እጅ ሲያርፍበት እንዳይቀዘቅዝ። ለማስጀመሪያ የደጅ ደወል ቁልፍ መሃል ላይ ተከልኩ። ስትጫነው አይደውልም እንጂ እንግዳ የመጣ ይመስልሃል።

ያስቸገረኝ ማዞሪያው ነው። የትንሽ ሬዲዮ የድምፅ ማዞሪያ ብገጥምበት መስመሩ ከላይ ተጣብቆ ቀረ፤ አልወርድም አለ። ስሞክር ሰንብቼ በአምፑል የሚሠሩት የድሮዎቹ ትልልቅ ሬዲዮዎች ማዞሪያ ብቻ ልኩ እንደሆነ ደረስኩበት። አንዱን የገለምሶው ሾፌር በክሪ ከአንድ ከሞተ ሬዲዮ ላይ ነቅሎ አመጣልኝ። ሁለተኛው የቀረው በዚህ ከተማ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እኔ ቤት፣ መደርደሪያው ላይ።

አዎን፣ ትልቁ ሬዲዮአችን። እሁድ እሁድ ወታደሮች ለየቤተሰባቸው ሰላምታ የሚልኩበትን ፕሮግራም የማዳምጥበት። ነቀልኩለት። ዲዳ እንዳይሆን ሽቦዎቹን በቀጥታ አገናኝቼ በስታኞ በየድኳቸው። እንግዲህ መቀነሻ የለውም። ወይ ተዘግቷል፣ ወይ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጮሃል።

የመጀመሪያው እሁድ ስከፍተው ሞሚና የጫት እስሯን ይዛ እየሮጠች ገባች።

«አካኮ! አያቴ! ምን ሆንክ? ወላሂ ዶሮዎቼ አጥር ዘለሉ!»

«ሬዲዮ ነው።»

«ሬዲዮ መሆኑን ገለምሶም ሰምቷል። አንተ ጆሮ የለህም እንዴ?»

«ጆሮዬ ደህና ነው። ማዞሪያው ነው የሌለው።»

ጥቂት አየችኝና ጫቷን አስቀምጣ ሬዲዮው አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ሳልጠራት ትመጣለች። ስሞቹ ተጠርተው ሲያልቁ ወደ እኔ ዞራ እጇን ታወዛውዛለች፤ ዛሬም የለም ማለቷ ነው። እኔም እንዳልሰማሁ ሁሉ፣ «እሺ» እላታለሁ።

ወደ ገበታው እንመለስ። ጨርሼ ሻይ ቤቱ ወስጄ በአራት ብሎን አሰርኩት። ሰው ተሰበሰበ። በክሪ በግራ በኩል ቆመ፣ አብዱልቃዲር በቀኝ። ኳሷ ሁለቴ እንኳ ሳትመላለስ በክሪ አንጓውን ይዞ መጮኽ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ይሄ ለሰው ነው ለጦጣ የተሠራው? እጄ ዞረ እኮ!»

አብዱልቃዲር ራሱ ሞከረው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገበታውን መረመረ። የግራው ማዞሪያ ከጫፍ ተጠግቶ፣ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ነው የተተከለው። ፊት ለፊቱ ዝግባው ላይ ደግሞ መዳፍ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ቦታ ቦርቡሬያለሁ፤ የግራ መዳፍ ብቻ የሚገባበት። ወዳጄ፣ ይህን ሁሉ ሳደርግ አላወቅሁትም ብልህ ታምነኛለህ? ልኩን ከየት አመጣኸው ካልከኝ ደግሞ፣ ከደብዳቤህ ላይ ነው። ቀለሙን የጠረግክበትን ቦታ በክር ለካሁት።

«አባባ፣ ይሄ የማን እጅ ነው?» አለ አብዱልቃዲር።

«የደንበኛ።»

ሰውዬው ያውቅሃል። ብርጭቆ ሰብረህበት በግራ እጅህ ስትለቅምለት አይቷል። አቀረቀረና፣ «ለኔ ሌላ ይሥሩልኝ። ይህን እርስዎ ይያዙት» አለኝ። ከድሬዳዋ ሁለት የሞቱ ሬዲዮዎች አስመጣልኝና ሌላ ገበታ ሠራሁለት፤ ማንም ሰው በማንኛውም እጁ የሚጫወትበት፣ ምንም የማይል ገበታ። በዚያን ጊዜ የሬዲዮዬን ማዞሪያ ወደ ቦታው መመለስ እችል ነበር። አልመለስኩትም። በጩኸቱ ለምጄበታለሁ።

ያንተን ገበታ ግን አልጣልኩትም። ከሰዓት በኋላ ጫት ቃሚዎቹ ሳይመጡ፣ መብራት ካለ፣ በብብቴ ይዤው እሄዳለሁ። አራት ብሎን፣ አንድ ሶኬት፤ ከአብዱልቃዲር ጋር እንቀይረዋለን። ከዚያ በቀኝ በኩል ቆሜ ካንተ ጋር እጫወታለሁ። ኳሷን እልክልሃለሁ። አትመልሳትም። አሁንም እልክልሃለሁ። እስከ ዛሬ አሥራ አምስት ለዜሮ ያላሸነፍኩህ ቀን የለም። እንዲህ ያለ ሰነፍ ተጫዋች አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን አብዱልቃዲር ሻይ አምጥቶልኝ፣ «ልጫወትልዎት?» አለኝ። «ተራው የሌላ ሰው ነው» አልኩት። ሻዩን አስቀምጦ ሄደ።

እናትህ እርም ላውጣ ባለችኝ ማግሥት ይዣት የሄድኩት ወደዚህ ነው። ምን ላድርግ ብዬ እንደሄድኩ አላውቅም። ልለምናት አፌ አልፈታ አለኝ፤ ስቀልድ ኖሬ አሁን ልመና ከየት ይመጣል? ገበታውን አሰርኩ፣ መብራቱን ከፈትኩ፣ «ቁሚ በግራ» አልኳት።

«አባዬ፣ እኔ ለለቅሶ ነው የመጣሁት!»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

ጥቁሩን ነጠላ በግራ እጇ ታቅፋ፣ ቀኝ እጇን ማዞሪያው ላይ አደረገች። እንደ በክሪ አንጓዋ ዞረ። አንድ ለዜሮ፤ ሁለት ለዜሮ፤ ስድስት ለዜሮ። ዝግባው ላይ የቦረቦርኩትን ጎድጓዳ በጣቷ ነካካችው። ምን እንደሆነ ገባት መሰለኝ። ከዚያ የያዘችውን እስር ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችና ግራ እጇን አወረደች።

ልክ ገባ።

ጀምበሩ፣ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። አንተ ግራኝነትን ከማን እንዳመጣኸው ረስቼ ነበር። ሳህሊቱ ስድስት ዓመቷ ላይ በግራ እጇ ስትበላ እንግዳ ፊት አሳፈረችኝ ብዬ፣ ያንን እጇን በመቀነት ከወገቧ ጋር አስሬ አንድ ክረምት አቆየኋት። በቀኝ ለመደች። ያን ጊዜ ልክ ነኝ ብዬ ነበር። አንተ ማንኪያህን በግራ ስታነሳ ግን ዝም ያልኩት እያረጀሁ ስለነበር ብቻ አይደለም።

ኳሷን ላክሁ። ወደ ግራ ሄደች። እኔ እጄን ከማዞሪያው ላይ አንስቼ ነበር፤ ከዚያ በኩል ተመልሳ የምታውቅ ኳስ የለችማ። ተመለሰች። ቆሜ እያየኋት በጎኔ አለፈች።

«አባዬ፣ ተቆጠረብህ!» አለች እናትህ።

አብዱልቃዲር ከባንኮው ኋላ፣ «ያ ረቢ! አባባ ዛሬ ሰው አገኙ!» ብሎ ጮኸ። ይህን ያለጥርጥር ሰምቼዋለሁ።

አሥራ አምስት ለአሥራ ሁለት አሸነፈችኝ። ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ግን ቆማ አለቀሰች፤ እጇን ከጎድጓዳው ሳታነሳ። እኔም ሻዬን አማሰልኩ፤ ስኳር አልጨመርኩበትም ነበር።

ስንወጣ፣ «እስከ መስቀል እጠብቀዋለሁ» አለችኝ።

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ አትቀልድብኝ።»

እሺ አልኳት። ጥቁሩን ነጠላ ጥላው አልሄደችም፤ አልዋሽህም፣ እንደታሰረ ይዛው ተሳፈረች። ግን አልለበሰችውም።

እንግዲህ እስከ መስቀል ነው። ለመጻፍ ጊዜ ከሌለህ አትጻፍ። ወሬም አልፈልግም። ወረቀት ላይ ስሜን ብቻ ጻፍና ቀለሙ ሳይደርቅ በመዳፍህ ጥረገው። ስሜን ማንም ይጽፈዋል። ጥርጊያውን ግን ዝግባው ላይ አስተኝቼ ልኩን አየዋለሁ፤ ለእናትህም አሳያታለሁ። ይህን ያህል እንኳ አትስነፍብኝ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። የሄዳችሁ ለት፣ መኪናው ሲነሳ፣ «በግራ እጅህ ሰላምታ እንዳትሰጥ፣ ያስሩሃል!» ብዬ ጮህኩብህ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንተም ሳቅክ። ሌላ የምለው ነበረኝ። መኪናው ፈጠነ።

እናትህ ትስምሃለች። ሞሚና «አላህ በሰላም ያምጣው፣ የአያቱንም ሬዲዮ ይጠግንልን» ብላሃለች። አብዱልቃዲር የግራውን ቦታ ማንም እንዳይቆምበት ከሰዓት በኋላ በርጩማ ያስቀምጥበታል። እግዚአብሔር እጆችህን ይጠብቅልኝ፤ ሁለቱንም፤ አንዱን ብቻ መጠበቅ ከቻለ ግን ግራውን።

ተራህን የያዘልህ አያትህ፣
አጥናፉ