ቆመው የሚመልሱት መሪጌታ

ሐሙስ፣ ኅዳር 19 ቀን

ዛሬ መሪጌታን ተቆጣኋቸው፤ ምላሴን ይቁረጠው።

የብራና መጻሕፍት አመዘጋገብ በኢንተርኔት ማስተማር ከጀመርሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ከጣና ዙሪያ ያሉት ስምንት ሰልጣኞቼ ማይካቸውን ዘግተው ዝም ይላሉ። ይስሙኝ ይተኙ አላውቅም። ይባስ ብሎ የዘጌው የዜማ መምህር መሪጌታ፣ ጥያቄ ባቀረብሁላቸው ቁጥር ፊታቸው ይጠፋና ጋቢያቸው ብቻ ይታየኛል። ስልኩ እየወደቀባቸው መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ትዕግሥቴ አለቀ። "መሪጌታ፣ ኧረ እባክዎ ስልኩን አስተካክለው ያስቀምጡት!" አልሁ።

"ስልኩስ ደህና ነው፤ እኔ ቆሜ ነው እንጂ" አሉ ረጋ ብለው። "መምህር ሲጠይቅ ተቀምጦ ይመለሳል እንዴ?"

እኔ ገና ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። እሳቸው ማስተማር ሲጀምሩ እናቴ እንኳ አላገባችም ነበር። እንዲቀመጡ ብለምናቸው እንቢ አሉ።

"እንግዲያው እኔም እቆማለሁ" ብዬ ብድግ አልሁ። ከላይ ኮት፣ ከታች አበባ አበባ ያለበት የመኝታ ሱሪ እንደለበስሁ ትዝ ያለኝ ከቆምሁ በኋላ ነው።

የቀሩት የሰባቱም ማይክ ባንዴ ተከፈተ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። "ይቀመጡ መምህርት፣ ኧረ ይቀመጡ!" አሉ መሪጌታ፤ ጋቢያቸው በሳቅ ይርገበገባል። ከዚያማ ጥያቄው ጎረፈ። ሰዓቱ አልቆ እንኳ የሚወጣ ጠፋ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ፣ ማክሰኞ፣ ምን እንደማስተምር ገና አላሰብሁበትም። ቀሚሴን ግን ተኩሻለሁ።