ለሦስት የተቆረጠው የእማዬ መጽሐፍ ቅዱስ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለልብስ ሰፊው ጋሼ፤

እንዴት ሰነበትክ? ያ ማሽን ላይ ስታጎነብስ የሚይዝህ ወገብህስ እንዴት ነው? የባለቤትህ የእትዬ ጉልበት ተሻላት? ትልቁ ልጅህ በትምህርቱ፣ ትንሿ በሳሏ እንዴት ናቸው? እኔና ልጄ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጤናህን እንዲህ አጥብቄ የጠየቅኩህ ከዚህ በታች የምጽፍልህን ለማንበብ ጤና ስለሚያስፈልግህ ነው።

የላክልኝ ዕቃ ደርሶኛል። ካገር ቤት ከእናንተ ዘንድ የተመለሰችው ጎረቤቴ ሥራ ቦታዬ ድረስ ይዛልኝ መጣች። በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ እየተኮስኩ ነበር። የእማዬ መጽሐፍ ቅዱስ መሆኑን ስትነግረኝ እጄን ጠራርጌ ከፈትኩት። ሽፋኑን ከእማዬ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፍተኸዋል፤ አንድ ክር አልዘለለም። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ብገልጠው መጽሐፉ ከመሃል ይጀምራል፣ ከመሃል ያልቃል። ውስጡ የከተትካትን ወረቀት አነበብኩ፤ «ማንም እንዳይከፋው ገጹን ቆጥሬ ለሦስታችን እኩል አካፍያለሁ፤ ዕጣ ስጥል የመሃሉ ላንቺ ወጣ» ትላለች። ካውያውን አንሶላው ላይ ረስቼው ተቃጠለ፤ አለቃዬም ልክ ልኬን ነገረችኝ።

ጋሼ፣ ምን ነካህ? መጽሐፍ ቅዱስ እንደ ጣቃ ጨርቅ ተለክቶ ይቆረጣል? ኤልያስ አንተ ዘንድ ወደ ሰማይ ወጥቶ ኤልሳዕ እኔ ዘንድ ብቻውን ቆሟል። ሕዝቅኤል ነገር ጀምሮ ሳይጨርስ አፉን እንደከፈተ ቀርቷል። ሐዲስ ኪዳን ደግሞ አንድ ሳይቀር ለሹፌሩ ወንድማችን ደርሷል። ለልጄ ከጌታ ልደት አንዲት ገጽ አልደረሰቻትም። ይሄ ነው እኩል?

እማዬ እምነቷን ያወረሰችን በስብከት አልነበረም፤ ገጽ እያሳየች ነው። ረሳኸው? መዝሙረ ዳዊት ላይ «የኩፍኝ ገጽ» የምንላት አለች፤ እኔ ታምሜ ሽሮፑ የፈሰሰባት፣ እስከ ዛሬ ጣት የምትይዝ። ሉቃስ ላይ «የጣሪያ ገጽ» አለች፤ ቤታችን ያፈሰሰ ቀን ረጥባ የተጨማደደች። «እዚች ጋ እግዚአብሔር አልተወንም» እያለች ጣታችንን ይዛ ታስነካን ነበር። ለልጄም በስልክ ስትነግራት የኖረችው ይሄንኑ ነው። ልጄ አያቷን በዓይኗ ሳታያት እማዬ አረፈች፤ ገጾቹን ግን በየስማቸው ታውቃቸዋለች። ዕቃው የመጣ ቀን እጇን ታጥባ ተቀመጠች። የኩፍኟን ነክታ ጣቷ ሲያዝላት ሳቀች። ቀጥላ «የጣሪያዋስ?» አለችኝ። አንዱ አጎትሽ ቆርጦ ለሌላው አጎትሽ ሰጥቶታል ልበላት?

ይሄን እንኳ በቻልኩት። የድርሻዬ የመጨረሻ ገጽ ግርጌ ላይ ግን እማዬ በእርሳስ የጻፈችው አለ። «ጌታ ሆይ፣ ስለ ትንሿ ልጄ የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም» ይላል። የቀረው ወደ ትይዩው ገጽ ተሻግሯል፤ አንተ መሃል ለመሃል ቆርጠኸዋል። እናቴ ስለ እኔ ምን እንደለመነች አላውቅም። ሹፌሩ ዘንድ ደወልኩ። ድርሻውን በላስቲክ ጠቅልሎ መኪናው ወንበር ሥር እንዳስቀመጠው፣ መኪናው ጋራዥ እንደገባ፣ ሲወጣ እንደሚያይልኝ ነገረኝ። ይኸው ሁለት ሳምንቱ። የእናቴ ጸሎት ከክሪክና ከመፍቻ ጋር ተኝቷል።

ልጄ ከትምህርት ቤት በመጣች ቁጥር «አጎቴ ደወለ? አያቴ ምን ብላ ነው የለመነችው?» ትለኛለች። አላውቅም ማለት ሰለቸኝ። ተናድጃለሁ ጋሼ፣ አልደብቅህም። ለቀብሯ አልደረስሽም ብለህ በስልክ የተናገርከኝን ሁሉ ዝም ብዬ ውጬልሃለሁ። ይሄን ግን አልውጥልህም። ክፋት እንደሌለህ አውቃለሁ፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያበግነኝ፤ ክፉ ብትሆን ሰድቤህ ይወጣልኝ ነበር።

ስለዚህ ድርሻዬን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልሃለሁ። አልፈልገውም ብዬ አይደለም፤ ልጄ ስታስረክበኝ አልቅሳለች፣ እኔም ስጠቀልለው አልቅሻለሁ። የሹፌሩን ተቀበለውና ሦስቱን አንድ አድርገህ ስፋው። ለእኔ አንዲትም ገጽ አትድረሰኝ፤ አንተው ቤት ሙሉውን ይቀመጥ፣ ልጆችህም ይንኩት። ያቺን ገጽ ግን ብቻህን እንዳታነባት። ደውልልኝና ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ እሰማሃለሁ። ቃል ሳትዘል አንብብልን።

እትዬን በጣም ናፍቀሻታል በልልኝ። ትልቁን ልጅህን አክስትህ ኮርታብሃለች በለው፤ ትንሿን ጉንጭና ጉንጯን ሳምልኝ። ሹፌሩንም ካገኘኸው ሰላም በለው፤ መጀመሪያ ግን መጽሐፉን ተቀበለው። ያንተን ሰላምታ ይዤዋለሁ፤ ስትደውል እሰጥሃለሁ።

ታናሽ እህትህ
ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ በምሳ ሰዓት
ጥቅምት ፲፬ ቀን