የጋሼ ዘንግ

ጥቅምት 5
ቀለበት ስሰፋ ዋልኩ። የሽቦ ቀለበት፣ በጨርቅ ቱቦ ላይ... ዓይኔ ፈዘዘ። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወርክሾፑ ጭር ብሏል። የሚቆጣ የለ፣ የሚያፏጭ የለ። ቁጣም ይናፍቃል እንዴ? ይናፍቃል።

ጥቅምት 8
ጋሼ ራሳቸው! ከልብ የሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧ ሆዳቸው ውስጥ አብጧል። ዕድሜ ልካቸውን ስቴንት፣ ያበጠ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ደሙን በውስጡ የሚያሳልፍ የጨርቅ ቱቦ፣ የሠሩለት በሽታ።
ሐኪማቸው ምስሉን ላከልኝ። ከእብጠቱ በላይ ቧንቧው እንደ ክርን ታጥፏል። የእኛ ስቴንት አይታጠፍም። ቢገባም በጎኑ ደም ያሳልፋል፣ እብጠቱም አንድ ቀን ይፈነዳል። ሆድ ተከፍቶ መጠገኑን ደግሞ ልባቸው አይችለውም።
የማይታጠፈው በዘንጉ ነው። ቀለበቶቹን ከላይ እስከ ታች የሚያያይዘው ወፍራም ሽቦ፣ የጋሼ ፈጠራ። «ዘንጌን የነካ እጁን ነው የምቆርጠው!» ይሉ ነበር።

ጥቅምት 11
እንቅልፍ የለም። ያ ጊዜ ትዝ አለኝ... ሁለታችን ብቻ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሽቦ ማሞቂያ ምድጃ። መስታወት ሠሪው የሚሠራልን ቀጥ ያለ ቱቦ ብቻ ነበር። ስቴንቱን እሱ ውስጥ ከተን ውሃ ለቀቅንበት። ጠብ ሳይል ሲቀር ጋሼ ኮታቸውን ወርውረው ጨፈሩ። እንዴት ያለ ደስታ ነበር!
ከዚያ በኋላ ሁሌም በቀጥታው ቱቦ ፈተንን። የማን ሆድ ነው ቀጥ ያለው? አንዳችንም አልጠየቅንም።

ጥቅምት 20
ዘንጉን አወጣሁት። ቀለበቶቹን አሳጥሬ ለየብቻ ሰፋኋቸው። በጋሼ ምስል ልክ ባሠራሁት ጎባጣ ቱቦ ውስጥ እሺ ብሎ ታጠፈ... ውሃው ግን ገፍቶ አንሸራተተው። እርር ድብን አልኩ።

ኅዳር 12
ላይኛው ቀለበት ላይ ትንንሽ መንጠቆዎች ጨመርኩ። ያዘ! አንድም ጠብታ የለም።
ለጋሼ ማን ይንገራቸው?

ኅዳር 14
ቤታቸው ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ፣
«ዘንጉስ?»
«አወጣሁት።»
«እጅሽን አምጪ።»
ሰጠኋቸው። በመርፌ የተበሳሳ ጣቴን አገላብጠው አዩት። መልሰው ለቀቁት። ተቀየሙኝ? እንጃ።

ኅዳር 29
አዲሱን ስቴንት የማስገባት ፈቃዱ መጣ። ለእሳቸው ብቻ ተብሎ። እብጠቱ ባይቀድመን...

ታኅሣሥ 9
ስቴንቱ ገባላቸው፣ በሰላም ወጡ። ተመስገን!
አዲሱን ምስል አልጋቸው ድረስ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።
«ከእኔ ሥራ እዚህ ውስጥ ምን አለ?»
ልዋሽ ነበር። አፌ እንቢ አለኝ።
«ምንም የለም፣ ጋሼ። እርስዎ ግን አሉ።»
ሳቁ። ማልቀሱ ለእኔ ደረሰኝ።