ያለ ፈቃዳቸው በስማቸው ስለተፈረመባቸው ስለ ወይዘሮ ናፔዮክ ኤሰኮን ዕረፍት

የሎድዋር ቋንቋ ባለሙያዎች ማኅበር፣ መሥራች አባሉ ወይዘሮ ናፔዮክ ኤሰኮን ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ማረፋቸውን የሚገልጸው በከባድ ሐዘን ነው። ከሐዘኑ ጋር የሚያቅለሸልሽ ነገር ስለገጠመን፣ ይህ መግለጫ እንደ ልማዱ የለዘበ አይሆንም።

ወይዘሮ ናፔዮክ የተወለዱት በሰሜን ኬንያ በቱርካና ሐይቅ ዳር፣ በካሎኮል ከዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የቋንቋ ሳይንስ ለመማር ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ፣ አጎታቸው «ቋንቋማ አፍ ያለው ሁሉ ይችላል፤ ለዚህም ትምህርት ቤት ይገባል እንዴ?» ብለው አፌዙባቸው። «ልብም እኮ ሁሉም ሰው አለው፣ አጎቴ፤ የልብ ሐኪም ግን ተምሮ ነው» ሲሉ መለሱላቸው።

ከተመረቁ በኋላ የአንደኛ ክፍል ልጆች በቱርካንኛ ፊደል የሚቆጥሩበትን የንባብ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። በሎድዋር ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆነውም ለዓመታት አገልግለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የስደተኞችን የተቀዳ ድምፅ እየሰማ «ከየት እንደመጡ» የሚመረምር አንድ የናይሮቢ ድርጅት ቀጠራቸው። ለቋንቋ ምሩቃን የተከፈተ አዲስ የእንጀራ በር ተብሎ ብዙ ተጨብጭቦለት ነበር።

በ2018 በቱርካና ምድር ባለው በካኩማ የስደተኞች ካምፕ የምትኖር ናቹዋ የተባለች የደቡብ ሱዳን ቶፖሳ ሴት ድምፅ ደረሳቸው፤ የቶፖሳ ቋንቋ ከቱርካንኛ ጋር በጣም ይቀራረባል። ድርጅቱ ግን ሴትየዋ ስደተኛ መስላ የቀረበች ኬንያዊት ቱርካና ናት እንዲባል ፈልጎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ «ቱርካና ናት ብለሽ ፈርሚና እንገላገል፤ አንቺን ማን ይጠይቅሻል?» አላቸው።

«ስለ ልጅነቷ ስታወራ ቶፖሳ ናት። ስለ ራሽን ስታወራ እንደ ካኩማ ሰው ትናገራለች። ዐሥር ዓመት ካምፕ የኖረች ሴት አፏን የት ታስቀምጠው? አልፈርምም» ብለው ሥራቸውን ለቀቁ።

ድርጅቱ ድምዳሜያቸውን ወደ ተቃራኒው ገልብጦ፣ በስማቸውና በማዕረጋቸው ፈርሞ ስደተኛነትን ለሚወስነው መሥሪያ ቤት ላከው። የናቹዋና የሁለት ልጆቿ የስደተኛነት መብት ተሰረዘ።

ከወራት በኋላ ናቹዋ አፈላልጋ ቤታቸው ደጃፍ ቆመች፤ «አንቺ ነሽ አሉ፣ ከእናቴ አገር የሰረዝሽኝ?» ስትል ጠየቀቻቸው። ወይዘሮ ናፔዮክ ይዛው ከመጣችው ውሳኔ ሥር የራሳቸውን ስም አዩ። ወዲያው «ነገ አብረን ናይሮቢ እንሄዳለን» አሏት።

በ2019 ሕመሙ ጀምሯቸው ሳለ ይግባኙ በሚታይበት ችሎት ቀርበው መሰከሩ። የድርጅቱ ጠበቃ «እርስዎም ቱርካና ነዎት፤ ለዘመድዎ መመስከርዎ አይደለም?» ሲላቸው፣ «ዘመዴ ብትሆንማ ኖሮ እናንተ ልክ ነበራችሁ» አሉት። ውሳኔው ተሻረ፤ ናቹዋም መብቷን አስመለሰች። ስም የሰረቀውን ግን የጠየቀው የለም። ከዚያ ወዲህ ናይሮቢ ውስጥ ሥራ የሚሰጣቸው ቢሮ ጠፋ፤ እስከ መጨረሻው ሎድዋር ሆነው መምህራንን አሠለጠኑ።

በቀብራቸው ዕለት ይኸው ድርጅት «ለምንወድዎት ባልደረባችን» የሚል የአበባ ጉንጉን ላከ። ድርጅቱ ዛሬም ከአዳዲስ ምሩቃን መካከል አድማጭ ይመለምላል፤ በማስታወቂያውም ላይ የእርሳቸውን ፎቶግራፍ ለጥፏል። ይህ ነውር ነው፤ ማኅበራችን ተጸይፎታል። ጉንጉኑን ከግቢ አውጥተን ጣልነው። ፍየሎች ቀመሱት፤ ፕላስቲክ ሆኖባቸው ተፉት።

ለባለቤታቸው ለአቶ ሎክዋንግ፣ ለልጆቻቸው፣ ላሠለጠኗቸው መምህራንና ለሙያ አጋሮቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። የቋንቋ ትምህርት ለምትጀምሩ ወጣቶችም፣ የምትፈርሙበትን አንብቡ፤ የማታምኑበትን አትፈርሙ እንላለን።

ናቹዋ ከካኩማ መጥታ በመቃብሩ ራስጌ በእናቷ ቋንቋ አለቀሰች። ከየት እንደመጣች የጠየቃት ሰው አልነበረም።