የአባዬ አንድ ዓይንና ነፃ የተባሉት ጭራቆች

ቅዳሜ

«ነፃ» የሚለው ቃል ከመዝገበ ቃላት እንዲፋቅ ዛሬ ወስኛለሁ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፤ ድምፅ ሰጪዋ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከጠዋት ጀምሮ የጎበኘኋቸው ዌብሳይቶች፦

አንዱ «ነፃ መጽሐፍ» ብሎ የባንክ ካርዴን ቁጥር ጠየቀኝ። ለምን ሲባል፣ ነፃ መሆኑን ለማረጋገጥ።

ሌላው ላይ አምስት አረንጓዴ «ዳውንሎድ» የሚሉ ቁልፎች አሉ። አራቱ ቁማር ቤት ያስገባሉ። አምስተኛው ኮምፒውተርሽ ታሟል ብሎ መድኃኒት ሊሸጥልኝ ሞከረ።

ሦስተኛው እውነትም መጽሐፍ ሰጠኝ። ሽፋኑ ላይ ግማሽ ራቁቷን የሆነች ሴት ከተኩላ ጋር ቆማለች። ውስጡን ሳነብ ሴትም የለች፣ ተኩላም የለ፤ ታሪኩ ስለ አንድ ሽማግሌ ቄስና ስለ አንድ የማይከፈት በር ነው። ሽፋኑን የሠራው ሰው በሩን እንኳ አላንኳኳም።

በዚህ ቆሻሻ ውስጥ የምዳክረው ለአባዬ ብዬ ነው። ለዓይኑ ሕክምና ናይሮቢ ከመጣ ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ። የቀኝ ዓይኑ ሞራ ወጥቶለት አሁን ኪሌሌሽዋ ካለው በረንዳችን ሆኖ የማታቱ ሚኒባስ ታርጋ ያነባል። የግራው ለመጪው ዓርብ ተቀጥሯል። እሱ ግን ትናንት ምሳ ላይ ሹካውን አስቀመጠና፣ «አንዱ ይበቃኛል፤ የሚነበብ ለሌለው ሰው ሁለት ዓይን ቅንጦት ነው» አለ። ቀጥሎም የመመለሻ ቲኬቱን ለዚያው ለዓርብ ጠዋት እንዳደርግለት አዘዘኝ። ሐኪሙ ሞራው እየጠነከረ ከሄደ ማውጣቱ አስቸጋሪ ይሆናል እንዳለን አስታወስኩት።

«ሐኪም ሥራው ማስፈራራት ነው። መፍራቴ ካልቀረ በመጽሐፍ ልፍራ» አለ።

በመጨረሻ እንዲህ ተደራደርን፦ በወጣትነቱ ካነበባቸው የጭራቅና የመንፈስ መጻሕፍት አንዱን ካገኘሁለት «እናያለን»። «እናያለን» ከአባዬ አፍ ሲወጣ ቃለ መሐላ ነው። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ብዬ ይዤዋለሁ።

የመጽሐፍ ማንበቢያውን መሣሪያ፣ ኢ-ሪደሩን፣ ያገኘሁት ሩንዳ ሰፈር ነው። የሥራ ዘመኗ ያለቀ ፈረንጅ ባልደረባዬ ቤቷን አራግፋ ስትሸጥ ከሦስት ድስትና ከአንድ አጎበር ጋር ገዛሁት። ፊደሉ እንደፈለጉት ይተልቃል። ውስጡ ግን ስኳር የሌለው ኬክ አሠራር የሚያስተምሩ አሥራ አንድ መጻሕፍት አገኘሁ። አስፈሪ ናቸው፤ አባዬ የሚፈልገው ዓይነት ግን አይደሉም።

እሑድ

ከቸርች መልስ አባዬ ደብተሩን አወጣ። ጎሬ እንግሊዝኛ ሲያስተምር የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍትም ይይዝ ነበር። አንድ ፈረንጅ አስተማሪ አገሩ ሲገባ ጥሎት የሄደው ሳጥን ውስጥ አሥራ ሁለት መጻሕፍት ነበሩ፤ ሁሉም የሙታን፣ የጠንቋይና የተረገመ ግንብ ታሪክ። መጻሕፍቱን ምስጥ በላቸው። ዝርዝራቸው ደብተሩ ላይ ቀርቷል።

ደስታዬ አንድ ደቂቃ ቆየ። አባዬ ርዕሶቹን ሁሉ ራሱ ወደ አማርኛ ተርጉሟቸዋል! «ከረግረጉ የወጣችው»፣ «ጥላውን የሸጠው ደብተራ»፣ «የሟቹ ጓንት»።

የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኖ ርዕሱን ለምን በአማርኛ እንደጻፈ ጠየቅሁት። መዝገቡ የመንግሥት ስለነበር ነው አለ። ደራሲዎቹስ? አልጻፋቸውም።

«ሰዎቹ ሞተዋል፤ ምን ያደርጉልሻል?»

ነፃ የሚሆኑት እኮ በመሞታቸው ነው ብዬ አስረዳሁት። ደራሲ ሞቶ ብዙ ዘመን ካለፈው መጽሐፉ የማንም ይሆናል። አባዬ ጥቂት አሰበና፣ ከአሥራ ሁለቱ ሁሉ ይሄኛው ይበልጥ እንደሚያስፈራ ነገረኝ።

አንድ ነገር ግን በሚያምር እጅ ጽሑፍ፣ ሳያጓድል መዝግቧል፤ እያንዳንዱ መጽሐፍ የታተመበትን ዓመት። ስለዚህ በዓመቱና በታሪኩ መፈለግ ጀመርኩ። አባዬ አስቀድሞ የሚፈልገው «የሟቹ ጓንት»ን ነው። ደሴት ላይ ብቻውን የሚኖር ዳኛ አለ፤ በግፍ ያሰቀለው ሰው ጓንት በየቀኑ አንድ አንድ ደረጃ እየወጣ ወደ መኝታ ቤቱ ይቀርባል።

በዚያ ዓመት የታተመ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የለም። ባለቤቴ ዳዊት ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ ለጋሼ የኳስ ጋዜጣ ብገዛላቸው እንደሚሻል መከረኝ። ምክሩ ነፃ ነበር። ነፃ ነገር ምን እንደሚመስል ትናንት ጽፌአለሁ።

ሰኞ

መሥሪያ ቤት። ሥራዬ ሰነድ ማመሳከር ነው። አንዲት እናት ለልጇ ያቀረበችው የልደት ወረቀት ከሌላው ሰነድ ጋር ሰባት ዓመት ከምናምን ስለተለያየ፣ «አይጣጣምም» የሚል ቆፍጠን ያለ ማስታወሻ ጽፌ መለስኩት። በሥራዬ ኮራሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቆሻሻው ተመለስኩ። አንዱ ፋይል መጽሐፍ በስልክ ፎቶ እየተነሳ የተዘጋጀ ነው፤ የአንሺው አውራ ጣት በየገጹ ጥግ አለ። ጥፍሩ አልተቆረጠም፣ ከሥሩም አልጸዳም። አስፈሪ ነገር ስፈልግ ነበር፤ አገኘሁ። ምሳዬን ግን አልጨረስኩም።

ከዚያ ደግሞ «ምርጥ አስፈሪ ልቦለድ በአማርኛ፣ ነፃ» የሚል አየሁ። ልቤ ዘለለች። የተረጎመው ማሽን ነው። መንፈሱ በእኩለ ሌሊት ግድግዳ ሰንጥቆ ወጥቶ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ እኔ የእርስዎ ሞት ነኝ፤ ስላስጠበቅንዎ ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል። ሳሙና የዋጥኩ ያህል አንገሸገሸኝ። በዚህ ቋንቋ ሰው ወልዶ አሳድጓል፣ ተጣልቶ ታርቋል፣ ሙሾ አውርዷል፤ አሁን ደግሞ ሙታናችን የስልክ ጥሪ ማዕከል ተቀጥረዋል።

ማታ ገና ከመግባቴ ክሊኒኩ ደወለ። ዓርብ ትመጣላችሁ ወይ? «ንዲዮ»፣ አዎ አልኩ፣ በተቻለኝ መጠን ጮክ ብዬ። አባዬ ሰማ። ሸሚዞቹን እያጣጠፈ ሻንጣው ውስጥ ይደረድር ገባ።

ማክሰኞ

ዛሬ በሕዝብ ፊት ተዋረድኩ፤ ይገባኛል።

ወረቀቷን የመለስኩባት እናት ራሷ መጣች። መስኮቴ ላይ ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን ዘርግታ፣ ሳትቆጣ፣ «እህቴ፣ ይሄኛው እኮ በእኛ አቆጣጠር ነው የተጻፈው። አንቺ በፈረንጅ አንብበሽው ልጄን አሮጊት አደረግሻት» አለችኝ። ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ።

ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ማስታወሻዬን ቀድጄ ወረቀቷን አሳለፍኩ። ሴትዮዋ ከበሩ ሳትወጣ የአባዬ ደብተር ትዝ አለኝ። ሰውየው ርዕሱን እንኳ ለመንግሥት ብሎ የተረጎመ ነው። ዓመቱን ሳይመልስ ይቀራል? በእኛ አቆጣጠር ቀይሮ ነው የመዘገበው! ሦስት ቀን ሙሉ ገና ያልታተመ መጽሐፍ ስፈልግ ከርሜአለሁ። ሙያዬ ቀን ማስታረቅ መሆኑን እዚህ ላይ መድገም አያስፈልግም።

ሰባት ዓመት ጨመርኩ። ብዙም ሳልሄድ ዳኛው፣ ደሴቱ፣ ጓንቱ፣ ሁሉም ተሰልፈው ጠበቁኝ። ዌብሳይቱን የሚያዘጋጁት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ባለቤት የሌላቸውን የድሮ መጻሕፍት ቁጭ ብለው እየገለበጡ፣ እያረሙ ይለቃሉ። ሴት የለ፣ ተኩላ የለ፣ ቁማር የለ። ቁልፉ አንድ ነው፤ ሲጫኑት የተጻፈበትን ያደርጋል። እንባዬ መጣ።

አሥር ሰዓት ላይ ከሥራ አምልጬ ገባሁና ፊደሉን አተልቄ ሰጠሁት። ገጹ ላይ ስድስት መስመር ቢይዝ ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ማንበብ ጀመረ። ሻይ አቀረብኩ፤ አላየውም። አናገርኩት፤ በእጁ አባረረኝ። ድል ማለት ይሄ ነው ብዬ ወጥ ቤት ገብቼ ለብቻዬ ጨፈርኩ።

እራት ላይ አፉን ከፈተ። «አየሽ? ሠላሳ ገጽ በአንድ ዓይን አነበብኩ። አንዱ ይበቃል ያልኩሽ ለዚህ ነው። ቲኬቱን ለውጠሽዋል?»

ራሴን በራሴ ወጥመድ ያዝኩ። መጽሐፉን ባላገኘው ይሻል ነበር።

ረቡዕ

የቸርቻችን የቤት ለቤት ጸሎት ኅብረት ተራው የእኛ ነበር። ቀን ላይ ሊፍቱ ተበላሽቶ ሁሉም አራት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ ደረሰ። ቡድኑን የምትመራው እህት አስቴር ናት፤ ልበ ቀና፣ ድምፀ ትልቅ። እኛ ቡድን ውስጥ ሁሉም የእግዚአብሔርን ቃል የሚያነበው ከስልክ ወይም ከታብሌት ነው። ስለዚህ አባዬ ኢ-ሪደሩን ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲያዩት ደስ አላቸው። እህት አስቴር እንግዳችንን ለማክበር ብላ፣ «አባባ፣ እስቲ ካሉበት ያንብቡልን» አለች።

አንብብ ተብሎ እንቢ ያለበት ቀን የለም። መነጽሩን አስተካክሎ ካለበት ጀመረ፤ እንግሊዝኛውን እያየ ወዲያው በአማርኛ። ሟቹ ከጨለማ ተነስቶ በዝምታ ሲወጣ፣ ዓመፀኛው ዳኛ በአልጋው ላይ ሲንቀጠቀጥ። ሁለት ሰው አሜን አለ። ዳዊት ትራስ ውስጥ ፊቱን ቀበረ። እኔ ወለሉ ቢውጠኝ አልጠላም ነበር።

ጓንቱ ደረጃው ላይ ሲደርስ እህት አስቴር ነቃች። «አባባ፣ ይሄ ምዕራፍ የት ነው ያለው?»

«ምዕራፍ አራት» አለ አባዬ።

ነገሩ ሲገባት ፊቷ ተለወጠ። ዓይኑን የጋረደው እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚያመጣው መንፈስ እንደሆነ ነገረችው። አባዬ፣ «ልጄ፣ መንፈስ ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ በሩብ ሰዓት ባላወጣው» አለ። እሷም ሳትውል ሳታድር፣ «ታዲያ በሩብ ሰዓት የሚወጣ ከሆነ ሁለተኛውን ለምን ይሸሹታል?» አለችው።

አባዬ መነጽሩን አውልቆ መወልወል ጀመረ። እህት አስቴርን በልቤ ሳምኳት። ጸለዩለት፤ አጎነበሰ።

ከሄዱ በኋላ ንዴቱን መጽሐፉ ላይ ተወጣው። ስህተት ሞልቶበታል፣ መስመር ተዘሏል፣ ቃል ተውጧል፣ ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ተቆርጧል፤ ይሄ ሥራ ነው ወይ! ከሰዓት ሙሉ የለቀማቸውን ሠላሳ አንድ ግድፈቶች በቀይ እስክሪብቶ ዘርዝሮ፣ ለበጎ ፈቃደኞቹ እንድልክ አዘዘኝ። ከላይ «ያሳዝናል» ብሎ ጽፏል። ሳላጣራ በኢሜይል ላክሁት። ያረመው እሱ ነው፤ አባቴን እንዴት አርማለሁ?

ቲኬቱን ነገ እንደምለውጥ ቃል አስገባኝ።

ሐሙስ

መልሱ ጠዋት መጣ። በጣም ጨዋ ናቸው፤ ጨዋነታቸው ነው የጎዳኝ። ለክቡር መምህሩ ትጋት ያመሰግናሉ። ስድስቱ እውነተኛ ስህተቶች ስለሆኑ ይታረማሉ። ሃያ አምስቱን ግን ሁለት ሰዎች ከዋናው ቅጂ ጋር አመሳክረው ሊያገኟቸው አልቻሉም፤ ጎደሉ የተባሉት መስመሮች በቦታቸው አሉ። መምህሩ ፈቃዳቸው ቢሆን ከእርማት ቡድኑ ጋር ቢሠሩ ደስታቸው ነው።

ኢ-ሪደሩን ከፍቼ አንድ በአንድ አየሁ። አሉ። ሃያ አምስቱም አሉ። የግራ ዓይኑ ጭጋግ ከቀኙ ብርሃን ጋር እየተደባለቀ መስመር ያዘልለዋል።

መሥሪያ ቤት ደውዬ ቀረሁ። አባዬ በረንዳው ላይ ነበር። ኢሜይሉን አነበብኩለት፤ ምንም አልቀነስኩም። ልቀንስ አስቤ ነበር፣ ግን ሰውየው ከሠላሳ አንድ ስድስት መቀነስ ያውቃል።

«የመጀመሪያውን አንብቢልኝ» አለ።

ጎድሏል ያለውን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ፊቱን አስጠጋ። እንደገና አለኝ። አነበብኩ። ለሦስተኛ ጊዜ። ከዚያ ማንበቢያውን ጭኑ ላይ ደፋው። ከታች ዘበኛው የግቢውን በር ለአንድ ቦዳ ሞተር ሲከፍት ይሰማል።

«ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ሁለት ዓመት ዓይኔ ደብዝዞ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ፈተና አርም ነበር። ስንቱን ልጅ ይሆን ያልጎደለውን ጎድሏል ብዬ የጣልኩት?»

ሳምንቱን ሙሉ ስለ አጭበርባሪዎች ስሳደብ ከርሜአለሁ፤ ለዚህ ግን ስድብም ማጽናኛም የለኝም። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ሻይ አምጥቼለት ጠጥቶ ሲጨርስ፣ «ነገ በስንት ሰዓት ነው?» አለ።

ሁለት ሰዓት አልኩት፤ በእኛ። ሻንጣውን እኔ አላነሳሁም። ራሱ ሄዶ ሸሚዞቹን ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰ።

ዓርብ

ይህን የምጽፈው ላቪንግተን፣ ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ነው። ቴሌቪዥኑ የምግብ ዝግጅት እያሳየ ነው፤ ሰውየው ዓሣ እያረደ ይዘፍናል። የፕላስቲክ አበባ አለ፣ አቧራ የለበሰ። የማሽኑ ቡና ካልሲ ካልሲ ይላል። ይሄን ሁሉ የምጽፈው ስለ ሌላው ላለማሰብ ነው።

ሲያስገቡት እጄን አልያዘም። ነርሷ «ፖሌ ባባ»፣ አይዞህ አባባ እያለች ስትደግፈው ቀጥ ብሎ ገባ።

ሩብ ሰዓት አልፏል። ሠላሳ ደቂቃም አልፏል። ማንም አይወጣም። አስተናጋጇን ጠየቅሁ፤ ፈገግ አለች። ፈገግታ መረጃ አይደለም።

አምሳ ደቂቃ።

ወጣ። ግራ ዓይኑ ታሽጓል፣ ከንፈሩ ነጥቷል። ሐኪሙ ሞራው ጠንክሮ ስለነበር ጊዜ እንደወሰደ፣ ሥራው ግን ጥሩ እንደሄደ ነገረኝ። ምን ያህል እንደሚያይ የሚታወቀው ነገ ፋሻው ሲነሳ ነው።

መኪና ውስጥ ራሱን መቀመጫው ላይ አስደገፈ። መብራት ላይ ስንቆም ታሟል ብዬ ዞር አልኩ። ቀኝ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው።

«ለሰዎቹ ጻፊላቸው» አለ። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ እጀምራለሁ በይ። ሃያ አምስቱን ደግሞ በሁለቱም ዓይኔ መልሼ አያቸዋለሁ። ካሉ፣ ይቅርታውን በእጄ ጽፌ ነው የምልከው።»

«ከሌሉስ?»

«ከሌሉማ ጉዳቸው ፈላ» አለ፤ እንደዚያ ሲል ግን እጄን ያዘ።