አርጆ የበላሁት ንፍሮ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ነቀምቴ

ሚካኤልን አንግሠን ገና ቤቴ ከመግባቴ የቴሌቪዥን ሰዎች መጡ። በወጣትነቴ መብራት ተሸካሚ ሆኜ የሠራሁበት ፊልም እንዴት እንደተሠራ ሊጠይቁኝ ነው። ጋዜጠኛዋ ካሜራውን አስከፍታ፣ «አባባ፣ ልጇ የሞተባት እናት ሆና የተወነችው ሴትዮ ስንቴ ተለማምዳ ነው እንደዚያ ያለቀሰችው?» አለችኝ።

«ሦስቴ» አልኳት። ምላሴ ይቆረጥ!

ሴትዮዋ መች ተዋናይ ነበረችና! አርጆ ላይ ልጇን በቀበረች ማግሥት ነው የቀረጽናት። ኦሮምኛ የምችል እኔ ብቻ ስለነበርኩ ዳይሬክተሩ «በል አንተ አግባባት» አለኝ። «አዴ፣ እናቴ፣ ለቅሶ ልንደርስ ነው የመጣነው» አልኳት። አመነችኝ። ካሜራው ምን እንደሆነ እንኳን አልጠየቀችም። ንፍሮ አቀረበችልን፣ እየቀረጽናት በላን። ስንወጣ እጄን ይዛ «ኢልማኮ፣ ዋቅኒ ሲፍ ሃ ኬኑ» አለችኝ። ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ ማለቷ ነው። እኔም ሳላፍር «አሜን» አልኩ።

ለቅሶ ደራሽ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ባለቤቴን የቀበርኩ ጊዜ ነው። ያኔም ግን ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም። ይኸው ዛሬ ደግሞ በመልአኩ ቀን፣ ጠበሉ ከከንፈሬ ሳይደርቅ፣ በዚያው ውሸት ላይ ሌላ ጨመርኩበት። ራሴን ተጸየፍኩት።

ጋዜጠኛዋ ስልክ ቁጥሯን ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ተነሣች። በሩ ላይ ጎንበስ ብላ «አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ።

አሜን ማለት አቃተኝ።