ለልዩ ክፍል የታጨችው ልጅ

ኅዳር 4

ጠመኔ አልቋል። ግቢው ጭቃ። ሦስት ልጆች ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ፣ ሌሎቹ ጉንፋናቸውን ይዘው መጡ።

ከምሳ በኋላ ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። ከትምህርት ቢሮ መመሪያ መጥቷል። ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች ከአራተኛ ክፍል ተለይተው ይወጡና ከሰዓት በኋላ ለብቻቸው ይማራሉ። ስምንት ልጅ፣ አንድ መምህር። ዓመቱ ሲያልቅ የተሻሉት ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ልብሱም ምግቡም ከመንግሥት።

"አስተማሪዋ አንቺ ነሽ" አለኝ።

"ለምን እኔ?"

"ልምድ አለሻ!"

ልምድ ማለት በጨዋ አፍ እርጅና ነው።

"ደረጃ ከያዙት ስምንቱን ስጪኝና እንገላገል" አለ። መመሪያው ሁሉም ልጅ ይፈተን ይላል ስለው፣ "መመሪያ ምን የማይለው አለ" ብሎ ሳቀ። ሁሉንም እፈትናለሁ አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እንጃ... ቤት ቶሎ ላለመግባት ይሆን?

ኅዳር 9

ፈተናው በቃል ነው። ጽሕፈት የሚከብዳቸው እንዳይጎዱ ተብሎ። ጥያቄውን አነባለሁ፣ አራት ምርጫ አነባለሁ፣ ልጁ ፊደሉን ይጠራል። አርባ ጥያቄ። የመጨረሻዎቹ አሥሩ የስድስተኛ ክፍል ናቸው፤ ማንም እንዲመልሳቸው አይጠበቅም።

ቦታ ስለሌለ ኳስና የተሰበረ ወንበር የሚከመርበት ክፍል ውስጥ ነው የምፈትነው። አንደኛ የሚወጣው ልጅ ሃያ አራት አገኘ። ሁለተኛዋ ሃያ ስድስት። አንዱ ሁሉንም "ሐ" አለ። ለምን ስለው "ስሜ በሐ ነው የሚጀምረው" አለኝ። ይኼ ነው ልዩ ተሰጥኦ።

ኅዳር 11

ልጆቹ "ድመት" የሚሏት ልጅ ተራ ደረሰ። መስኮቱ ጋ ነው የምትቀመጠው። ባለፈው ዓመት ሠላሳ አንደኛ ወጥታለች። አትረብሽም፣ እጅ አታወጣም። ብቻ ታያለች፤ ዓይኗ ቶሎ አይረግብም። አባቷ መንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ነው።

አርባ ከአርባ።

ገና አራተኛውን ምርጫ ሳልጨርስ ትመልሳለች። የመጨረሻዎቹንም።

"ማን አስጠናሽ?"

"ማንም።"

"ታዲያ በምን አወቅሽው?"

"ቲቸር ሲያነቡት።"

ኅዳር 12

ያንኑ ፈተና በወረቀት ሰጠኋት። ለብቻዋ፣ እኔ ውጭ ቆሜ። አሥራ አንድ አገኘች። ትናንት የመለሰቻቸውን ያንኑ ጥያቄዎች!

ለሒሳብ መምህሩ ነገርኩት። ከት ብሎ ሳቀ።

"እህቴ፣ አንቺን ነው ያነበበችው። ትክክለኛው ላይ ስትደርሺ ወይ ድምፅሽ ዝቅ ይላል፣ ወይ እስክሪብቶሽ ይነሳል። ተማሪ እኮ ከደብተሩ ይልቅ አስተማሪውን ነው የሚያጠናው።"

እውነቱን ነው። ቀለለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሳስተምር እስክሪብቶዬን አይቼው አላውቅም።

ኅዳር 16

ከቢሮ ከመጣው ሁለተኛውን ፈተና ወሰድኩ። የመልሱን ወረቀት ሆን ብዬ ሳልከፍት ጥያቄዎቹን በእረፍት ሰዓት ራሴ ሠራኋቸው። ከዚያ የድሮውን ጥቁር ሰሌዳ በመሃላችን አቆምኩ። አላያትም፣ አታየኝም። እንደ ሬዲዮ በአንድ ድምፅ አነበብኩ።

ሠላሳ ዘጠኝ።

የሳተችው አንድ ነው፣ አሥራ ሰባተኛውን። "ሐ" አለች፤ መልሱ "ለ" ነው።

ከዚያ የራሴን አረምኩ። እኔም ሠላሳ ዘጠኝ። አሥራ ሰባተኛውን "ሐ" ብያለሁ።

ሰሌዳውን ወደ ቦታው መለስኩ።

ኅዳር 18

የሒሳብ መምህሩ "ያንቺ ነገር በዛ" ብሎ በሌላ ፈተና ራሱ ፈተናት። ከሰሌዳው ኋላ ሆኖ። እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ ልጆች ሳስተምር።

የሒሳቡን አንድም አልሳተችም። የሰዋስው ጥያቄዎችን ግን ግማሹን ሳተች። መምህሩ እንደ ሁልጊዜው እየሳቀ ነው የጀመረው።

"ሰዋስው ላይ ከኔ አትሻልም" አለ።

"አንተ ስንቱን ታገኛለህ?"

"ተይኝ እስቲ።"

"ሥራው።"

ሠራ። የሳታቸው እሷ የሳተቻቸውን ነው። ፊደላቸው ሳይቀር።

"እኔን ነው እንዴ የፈተንሽኝ?" አለ። ሊስቅ ፈልጎ ነበር። "ለማንም አትናገሪ። በኋላ ሁለታችንንም አበዱ ይሉናል።"

ኅዳር 23

አባቷ መጣ። አንገቱ ላይ ሜትር እንዳንጠለጠለ። ዳይሬክተሩ ስለ አርባ ከአርባው ነግሮታል፤ ስለ ሰሌዳው ግን አያውቅም፤ አልነገርነውም።

"መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎት። ታላላቆቿን ከአራተኛ ነው ያስወጣኋቸው። እሷም ሰኔ ላይ ታበቃለች ብዬ ነበር፤ ቁልፍ ትተክልልኛለች፣ ጥልፍ ትለምዳለች። አዳሪው ካለ ግን ትሂድ። አልከለክልም። ከሌለ..." መቀሱን እንደያዘ ሰው ሁለት ጣቱን ገጠመ።

"ቤት ውስጥ እንዴት ናት?" አልኩት።

ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠቀለለ። "ደንበኛ ገና ሳይናገር የሚፈልገውን ጨርቅ ታወርዳለች። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁን ጀርባዬን ሰጥቻት ነው የምሰፋው።"

ታኅሣሥ 2

በእረፍት ሰዓት ጠመኔ ይዛልኝ መጣች። አስቀምጣ አልሄደችም።

"ቲቸር።"

"ምን ሆንሽ?"

"እንዲያልቅ ቢፈልጉ ክፉ ሰው አይደሉም። ስለደከመዎት ነው።"

"ምኑ ነው የሚያልቀው?"

"እማማ።"

ጠመኔውን ቆጠርኩ፤ ሌላ የማደርገው አጣሁ። ቀና ስል በባዶ እጇ፣ እኔ ቤት እንደማጥፈው፣ አንሶላ ታጥፋለች። እናቴ ከአልጋ ከዋለች ሁለት ዓመቷ ነው። ቀን እህቴ ትይዛታለች፣ ከሥራ መልስ እኔ። ለተማሪ አውርቼ አላውቅም። ይኼን ምኞቴን ደግሞ ለእህቴም አልተናገርኩም። ስጸልይም እዘለዋለሁ። እዚህም አልጻፍኩትም ነበር።

አሁን ተጻፈ።

ታኅሣሥ 3

ሳስተምር ግድግዳውን እያየሁ ዋልኩ። ልጆቹ ዞረው ግድግዳውን አዩ።

ካለፈች ከስምንቱ አንዷ ናት። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በአንዲት ጠባብ ክፍል ከሷ ጋር... ምንስ ላስተምራት? ለሒሳብ መጽሐፍ አለ። ለቋንቋ አለ። ለዚህ ምን አለ?

እናቴን ሳጥብ ልጅቷ ጥግ ላይ ያለች መሰለኝ። ዞሬ አየሁ። የልብስ ቅርጫቱ ብቻ።

ታኅሣሥ 10

ዳይሬክተሩ ለቢሮው ጽፏል። ደስታውን አልቻለውም። "እንዲህ ያለች ልጅ በኛ ግቢ! ስማችን ይጠራል።" ውጤቷን የሚያረጋግጥ ፈታኝ ከቢሮው ይመጣል። ልጅ እንዳይደነግጥ የክፍሉ አስተማሪ አብሮ ይቀመጥ የሚል ደንብ አለ።

"ሌላ ሰው ይቀመጥ" አልኩ።

"ምነው? ወርቅ አግኝተሽ ልትሸሺ ነው?"

"አሞኛል።"

"በዚያን ቀን አያምሽም" አለና ሳቀ።

ታኅሣሥ 19

ፈታኟ ወጣት ናት፤ ሳቂታ፣ ለስላሳ። ለልጅቷ ውሃ ቀዳችላት። እኔን ከኋላ ጥግ አስቀመጡኝ። ልጅቷ ጀርባዋን ነው የሰጠችኝ። የሹሩባዋን መስመር ብቻ ነው የማየው።

ወንበሩን አጥብቄ ያዝኩ። አትለፊ አላልኩም። አፌን አልከፈትኩም። በልቤስ? ... በልቤ እናቴ ነበረች፣ ጠባቧ ክፍል ነበረች፣ የሚያዩኝ ዓይኖች ነበሩ። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ሌላ ነገር ለማሰብ ሞክሬ ነበር።

ልጅቷ አንዴም አላመነታችም። ፈታኟ ታነባለች፣ እሷ ትመልሳለች። ጥርት ባለ ድምፅ።

ዜሮ።

ከአርባ ዜሮ። ፈታኟ ሁለት ጊዜ አረመችው። "ደንግጣ ነው" አለች። "አንዳንድ ልጅ እንዲህ ይሆናል። ግን ልዩ ክፍሉ የሚመጥናት አይመስለኝም።"

ልጅቷ ስትወጣ በሩ ጋ ጠበቀችኝ።

"ደስ አለዎት?" አለችኝ።

ሽሙጥ አልነበረበትም። ስጦታ የሰጠ ልጅ እንዴት ይጠይቃል? እንደዚያ ነው የጠየቀችኝ።

ታኅሣሥ 20

ከአራት ምርጫ ዝም ብሎ የገመተ ልጅ አሥር ያህል ያገኛል። "ሐ፣ ሐ፣ ሐ" ሲል የዋለው እንኳ ዘጠኝ አግኝቷል። አርባውንም ለመሳት አርባውንም ማወቅ ያስፈልጋል።

የሒሳብ መምህሩ ሲሰማ አልሳቀም። "ለምን እንዲህ አደረገች?" አለኝ።

እንጃ አልኩት። ዋሸሁ።

ታኅሣሥ 24

አባቷ ሱቅ ሄድኩ። የስፌት መኪናውን አላቆመም።

"ተሳስተዋል ማለት ነው" አለ።

"አልተሳሳትንም። ግንቦት ላይ ለአዳሪው ሌላ ፈተና አለ። እስከዚያ አያስወጧት።"

"ሰኔ ድረስ ብያለሁ፣ ሰኔ ድረስ ትቆያለች። ከዚያ ወዲያ አይለምኑኝ።" ክሩን በጥርሱ በጠሰ። "ይልቅስ እርስዎ ምነው? ከስተዋል።"

ልጅቷ ሱቁ ጥግ ዝርዝር ቁልፍ በመልክ በመልኩ ትለያለች። ቀና አላለችም።

ጥር 15

ልዩ ክፍሉ ተጀመረ። ስምንቱም ደረጃ ያላቸው፣ ደብተራቸው በጋዜጣ የተለበደ። ፈጣኖች ናቸው፤ አይከፋም። አንዷ ስትሳሳት አለቀሰች።

ድመትን ጠርቼ ዘጠነኛ አስቀመጥኳት። ዳይሬክተሩ "በምን ሕግ?" አለ። "ጠመኔ ታቀብለኛለች" አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ።

ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት። ግድግዳውን አላየሁም።

የካቲት 8

ስምንቱ ሲወጡ አስቀረኋት።

"አሁን ብትፈተኚ ታልፊያለሽ?"

አየችኝ። ለረጅም ጊዜ።

"አላልፍም።"

"ለምን? እኔ እንድታልፊ እፈልጋለሁ።"

"ይላሉ።"

"እፈልጋለሁ አልኩሽ እኮ!"

"ገና ነዎት፣ ቲቸር" አለች። ደብተሯን ሰብስባ ወጣች።

የካቲት 20

መላ የዘየድኩ መስሎኝ ነበር። እኔ ከሌለሁስ? ዛሬ እናቴ ጋ ቤት ቀረሁ፤ የሒሳብ መምህሩ የሙከራ ፈተና ሰጣት።

ደወለልኝ። "ሰሌዳም አላቆምኩም፤ መልሱን በጣቴ እየነካሁ ነው ያነበብኩላት" አለ።

"ስንት አገኘች?"

"ምንም።"

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። እናቴ ከአልጋዋ "ማነው?" አለች። ተማሪዬ ናት አልኳት።

መጋቢት 17

ማስመሰሉ አልሠራልኝም። በር ላይ ቆሜ "እለፊ፣ እለፊ" እያልኩ ልቤን ባስጮኸው ሳቋን ዋጥ አድርጋ ታልፈኛለች።

ምን እንደምፈራ ዛሬ ነገርኳት። ሁሉንም፣ የእናቴንም። ሌላ ልጅ ቢሆን ነውር ነበር። እሷ ግን ታውቀዋለች፤ የቀረው አፍ ብቻ ነበር።

"ይከብድሻል? የሰው ነገር?" አልኳት።

ያን ጊዜ ብቻ ዓይኗን ሰበረች። "ክፍል ውስጥ ሲጮኹ ይከብዳል። ዝም ሲሉ ይብሳል።"

አሥር ዓመቷ ነው። በዚህ ሁሉ ወር አንዴ እንኳ ጠይቄያት ኖሯል?

ሚያዝያ 11

በልዩ ክፍሉ መስኮት ጋ ሁለተኛ ቦታ ሰጠኋት። ግቢውን እያየች የምትቀመጥበት፣ ለሰው ጀርባ የምትሰጥበት ወንበር አበጀሁላት። "ሲበዛብሽ እዚያ ሂጂ፤ አታስፈቅጂኝ" አልኳት። ዛሬ ሁለቴ ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ራሷ ሠራች፤ እኔ መልሱን ሳላውቀው። ተሳስታለች። የራሷ ስህተት ነው፣ የማንም አይደለም። ብዙ ልጅ አርሜያለሁ፤ በስህተት እንዲህ የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አዳሪው ውስጥ ማን ወንበር ያዞርላታል? ሌላ ፍርሃት መጣ። ይኼኛው ግን ለሷ ነው፣ ለራሴ አይደለም።

ግንቦት 6

የአዳሪው ፈተና ነገ ነው። ፈታኟ ደውላለች። "ያቺን ልጅ እንደገና?" አለች፤ አዎ አልኩ።

እናቴ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው አልበላም አለች። ተቀምጬ ጠበቅኳት። በላች። ሳልቸኩል ወጣሁ።

ልጅቷ በሩ ጋ ቆማለች። ሌላ ጊዜ እሷ ናት ወደኔ የምትመጣው፤ ዛሬ እኔ ሄጄ ቆምኩላት። ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ዓይኔን አላሸሸሁም። ደወሉ ተደወለ፣ ልጆች በመሃላችን እየተጋፉ ገቡ፣ አንዱ እግሬን ረገጠኝ። እያየችኝ ነው። ምን እንዳየች አላውቅም። እንድትሄድ እፈልግ ይሆን? እንድትቀር? ከመቼ ወዲህ ነው የምትሄድበት ቀን የሚያስፈራኝ?

እጅጌዬን ሳብ አደረገችኝ።

"ትንሽ ቀረዎት፣ ቲቸር። እስከ ነገ ይበርቱ።"

እሺ አልኳት።